ዛሬ ትጠጣ ወይስ ትደር?

ኅዳር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ማዶ በአርሲ ተራሮች ላይ ደመና ቆመ። በጋው ገብቷል ብለን ነበር። ግማሽ ሄክታር የሆነችው ወይኔ አበባዋን አራግፋ ፍሬ ከያዘች አሥር ቀን አልሞላትም፤ ዘለላው ላይ ያለው ፍሬ ገና ምስር ቢያህል ነው። አጎቴ በሌላ ሰው የወይን እርሻ ላይ ለብዙ ዓመት ቫልቭ ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው ነው። የዚያን ዕለት ከብቶቹን ቀደም ብሎ አስገብቶ ሊጠይቀኝ መጣ። የውኃ መሳቢያው ሞተር አጠገብ ተቀመጥን፤ ወሬያችን እስኪመሽ አላለቀም። ከተባለው ቆርጬ የተውኩት አለ፤ የነገሩን አካሄድ ግን አልነካሁም።

አጎት፦ ሞተሩ ለማታ ተዘጋጅቷል?

እኔ፦ ተዘጋጅቷል ጋሼ። ዛሬ ሐሙስ አይደል? ሰኞና ሐሙስ ስድስት ስድስት ሰዓት አጠጣለሁ። ዛሬ ደግሞ ዩሪያም አብሮ ይገባል።

አጎት፦ ሐሙስ መሆኑን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እሷ የምታውቀው ፀሐዩንና ንፋሱን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ደኅና አድርጎ አልወጣም። ንፋሱም ከሰኞ ወዲህ ተኝቷል። ታዲያ ምን ጠምቷት ነው የምታጠጪያት?

እኔ፦ ፕሮግራሙን ከኪሴ አላወጣሁትም እኮ ጋሼ፤ ስሌት አለው።

አጎት፦ እስቲ ንገሪኝ። እኔም ቫልቭ ስከፍት የኖርኩት ሰዎች ባወጡት ስሌት ነው፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ አልነበረም።

እኔ፦ መነሻው አየሩ በቀን ስንት ውኃ ይወስዳል የሚለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መመሪያ አለ፤ የመስኖ ሰው ሁሉ የሚሠራበት። የፀሐይ ጨረር፣ ሙቀት፣ የአየር እርጥበትና የነፋስ ፍጥነት ተወስዶ፣ ሣር ከለበሰ መሬት በቀን ስንት ሚሊ ሜትር ውኃ እንደሚተን ይሰላል። ያ ቁጥር በሰብሉ ቁጥር ይባዛል። ለጠጅ የሚሆን ወይን ቀንበጥ ሲያወጣ 0.3፣ ቅጠሉ ሲሞላ 0.7 ነው። የእኔዋ መሐል ላይ ስላለች 0.55 ያዝኩላት። በጋ ላይ ፀሐይና ንፋስ ያለበት ቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን፣ የእሷ ድርሻ 2.75 ይሆናል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት አንድ ሊትር ነው፤ እያንዳንዷ እግር 2.5 ካሬ ሜትር ይዛለች። ስለዚህ በቀን 7 ሊትር ገደማ፣ በሳምንት 48። ከየእግሩ ሥር በሰዓት ሁለት ሁለት ሊትር የሚያንጠባጥቡ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ስድስት ሰዓት ሁለት ጊዜ ሲጠጣ 48 ሊትር ይሞላል። ልክክ ያለ ነው።

አጎት፦ ልክክ ያለው 5 ሚሊ ሜትር የተነነ እንደሆነ ነው። በዚህ ሳምንት ስንት ተነነ?

እኔ፦ ቆይ፣ የገበቴውን ደብተር ላምጣ።

(ገበቴ የምለው በማሳው ጥግ ከእንጨት ርብራብ ላይ ያስቀመጥኩት ሰፊ የቆርቆሮ ገንዳ ነው። የሜትሮሎጂ ጣቢያ ሰዎች የሚጠቀሙበት ወርዱ 1.2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የእኔ ከዚያ ያንሳል። ፍየልና ወፍ እንዳይጠጡበት ወንፊት ሽቦ አልብሼዋለሁ። በየማለዳው ውኃው ስንት እንደጎደለ በማስመሪያ እለካለሁ። ከገንዳ የሚተነው ከሣር ከሚተነው ስለሚበልጥ ያገኘሁትን በ0.7 አባዛለሁ። ይህን ሁሉ ስመዘግብ ከርሜ ደብተሩን ገልጬ አለማየቴ ያን ቀን ከነከነኝ።)

እኔ፦ ከሰኞ ወዲህ በአማካይ 3 ሚሊ ሜትር ነው።

አጎት፦ እንግዲህ እንደገና አስቢው።

እኔ፦ 3 በ0.55፣ 1.65 ነው። በ2.5 ሲባዛ በቀን 4 ሊትር ከትንሽ። በሳምንት 29 ሊትር። በፕሮግራሙ ከሄድኩ በየእግሩ 19 ሊትር ትርፍ አፈሳለሁ ማለት ነው።

አጎት፦ እግሩ ደግሞ ሁለት ሺህ ነው።

እኔ፦ 38 ሺህ ሊትር። በአንድ ሳምንት።

አጎት፦ ከዚያ ሐይቅ። ተመልከቺው እስቲ። ሲያዩት ዳርቻ የለውም፤ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው ይሉታል። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ብዙ ቦታ ላይ ረጅም እንጨት ይዘው መሬቱን ይነኩታል። የሚገባለት ከመቂና ከካታር ወንዞች ነው። የሚወጣው በቡልቡላ በኩል ወደ አቢጃታ ነው። እዚህ ዙሪያውን አበባ አለ፣ ሽንኩርት አለ፣ ቲማቲም አለ፣ ወይን አለ፤ ሁሉም ቧንቧውን አስገብቶ ይስባል። እኛ የሳብነው እኮ አቢጃታ ሳይደርስ የሚቀር ነው። አቢጃታ ስንት እንደሸሸ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ልጅ ሳለሁ ውኃ የነበረበት ቦታ ዛሬ አመድ የመሰለ ደረቅ መሬት ሆኗል። 38 ሺህ ሊትር ለሐይቁ ምንም አይደለም የሚል ሰው ይኖራል፤ ያን የሚለው ግን አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

እኔ፦ ልክ ነህ ጋሼ። እኔ ያሰብኩት የናፍጣውን ብቻ ነበር።

አጎት፦ ናፍጣውም አለ። ግን ትርፉ ውኃ ሐይቁን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ እሷንም ይጎዳታል። ነይ ተነሽ፣ ላሳይሽ። የቀንበጡን ጫፍ ተመልከቺ። ይኼ የምትጨብጥበት ጠምዛዛ ክር አለ አይደል? ጫፉን አልፎ ወደፊት ተዘርግቷል፤ ለስላሳ ነው፣ ውኃ ሞልቶታል። ይህ የጠገበች ወይን ነው። ሲጠማት መጀመሪያ የምትሠዋው ይህን ክር ነው። ይጠወልጋል፣ ከዚያ ጫፉ ይደርቅና ይወድቃል። ቅጠሉ ምንም ሳይመስል ክሩ ይናገራል። አሁን ደግሞ አንጓውን ተመልከቺ፤ ከአንዱ አንጓ እስከ ሌላው ስንት ነው?

እኔ፦ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ያነሰ።

አጎት፦ ረዝሟል። በውኃ ላይ ውኃ ሲሆን ሐረግ ትሆናለች፤ ፍሬዋን ትታ ቅጠል ስታበዛ ትውላለች። ቅጠሉ ሲደራረብ ዘለላው ጥላ ውስጥ ይገባል። ንፋስ አያገኘውም፣ ማለዳ የረጠበው እስከ ቀትር አይደርቅም። ከዚያ ያ ዱቄት የተነሰነሰበት የመሰለው ነጭ ሻጋታ ይመጣል።

እኔ፦ ነጩ ሻጋታስ ዝናብም አያስፈልገውም፤ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀትና ጥላ ይበቃዋል። የእኛ አየር ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል እዚያ ውስጥ ነው። ትልልቆቹ እርሻዎች መጠማቷን በመሣሪያ ነው የሚለኩት አይደል? ቅጠል ቆርጠው ግፊት ያለበት ዕቃ ውስጥ አስገብተው።

አጎት፦ አዎ፣ ቀትር ላይ። ቅጠሏን ዕቃው ውስጥ አስገብተው ዘንጓን በቀዳዳ ያወጧታል። ከዚያ ጋዝ እየጨመሩ ውኃዋ በዘንጉ ጫፍ እስኪታይ ይጠብቃሉ። ብዙ ግፊት ከፈለገች ብዙ ተጠምታለች ማለት ነው። 10 ባር አካባቢ ሲሆን ‹መጠማት ጀምራለች› ይላሉ፤ ወደ 15 ከተጠጋ ደግሞ ይሯሯጣሉ። እኔ መሣሪያውን ሲያነቡ አጠገባቸው ቆሜ ቅጠሉን በመዳፌ እይዘው ነበር። ቀትር ላይ ፀሐይ እየመታው በእጅሽ ቀዝቀዝ የሚል ቅጠል ላብ እያወጣ ነው፣ ውኃ አለው። ትኩስ ከሆነብሽ አፉን ዘግቷል። ከእነሱ ቁጥር ጋር ብዙ ጊዜ ይገጥምልኝ ነበር።

እኔ፦ አፉን ሲዘጋ ውኃ ብቻ አይደለም የሚቀርበት። በዚያው ቀዳዳ ነው ከአየር ምግቧን የምታስገባው።

አጎት፦ ስለዚህ ዝም ብሎ ማስጠማትም ጀግንነት አይደለም። አሁን ፍሬው ምስር ሲያህል ብዙ ካስጠማሻት ፍሬው ሳያድግ ይቀራል፤ በኋላ ብታጠጪም አይመለስም።

እኔ፦ እውነት ነው። በዚህ ጊዜ ነው የፍሬው ትልቅነት የሚወሰነው። ለጠጅ ከሆነ ትንሽ ማነሱ ይፈለጋል፤ ቀለሙም ጣዕሙም ያለው ልጣጩ ላይ ነውና። እኔ ግን ግማሹን ለገበያ በዘለላ ስለምሸጥ ትልቅ ፍሬ እፈልጋለሁ። አውስትራሊያ ውስጥ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ መንገድ ተሞክሮ ነበር፤ በወይኗ ግራና ቀኝ ሁለት ቧንቧ ይዘረጋል፣ አንዱ ወገን ሲጠጣ ሌላው ይደርቃል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። የደረቀው ሥር ለቅጠሉ ‹ውኃ ጎድሏል› የሚል ምልክት ይልካል፤ ቅጠሉም ውኃ መቆጠብ ይጀምራል። የጠጣው ሥር ደግሞ ፍሬውን ያኖረዋል። ሁለት ቧንቧ ለእኔ ውድ ስለሆነ አልሞከርኩትም።

አጎት፦ አንድ ቧንቧም በልኩ ከተያዘ ይበቃል። ፍሬው አተር እስኪያህል በበቂ አጠጪያት። ከዚያ ቀለም እስኪይዝ ድረስ ትንሽ ጎደል፣ ክሩን እያየሽ። አሁን ስለ ዩሪያው ንገሪኝ። ስንት ነው የምታስገቢው?

እኔ፦ ሃያ አምስት ኪሎ። ለሽንኩርት እንደለመድነው ነው።

አጎት፦ ይህች ሽንኩርት አይደለችም።

እኔ፦ አሁን ሳስበው እኔም ደነገጥኩ። ጥር ላይ 4 ቶን እለቅማለሁ ብዬ ነው የማስበው። አንድ ቶን ወይን ከማሳው ይዞ የሚሄደው ናይትሮጅን ሁለት ኪሎ ቢበዛ ነው። ስለዚህ ለአራቱ ቶን 8 ኪሎ። ዩሪያ ከመቶው 46ቱ ናይትሮጅን ስለሆነ 8 ኪሎ ማለት 17 ኪሎ ዩሪያ ነው። ያውም ለዓመቱ በሙሉ፤ አፈሩና ፍጉ ራሳቸው የሚሰጡት ሳይቆጠር። ቅጠሉና የተገረዘው እንጨት የወሰደውም ከትፌ እዚያው ከመለስኩት ለአፈሩ ይመለሳል። እኔ ግን ዛሬ ማታ ብቻ ሃያ አምስት ኪሎ ላስገባ ነበር።

አጎት፦ በደመና።

እኔ፦ በደመና! እዚያ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ናይትሮጅኑ ቅጠል ውስጥ ሲገባ ወደ ጠቃሚ ነገር የሚለወጠው በፀሐይ ኃይል ነው። ደመና ሲሆን ሳይለወጥ ይከማቻል። የዛሬው ጥማቷ ትንሽ፣ ፀሐይዋ ትንሽ፣ የምሰጣት ግን ብዙ ሊሆን ነበር።

አጎት፦ ያልተጠቀመችበትስ ወዴት ይሄዳል? እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ይህን ነው።

እኔ፦ ማታ ከዘነበ ወደታች ነው የሚሄደው። አፈራችን አሸዋ የበዛበት ነው፤ አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ለተክል የሚሆን ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ውኃ አይዝም። ዩሪያ እንደገባ ገና ከአፈሩ ጋር ስለማይያያዝ ከውኃው ጋር ይወርዳል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ናይትሬት ሲሆንም አፈሩ አይዘውም። ይህ ደግሞ ደርሶብኛል ጋሼ። ያለፈው ዓመት ጳጉሜ ላይ፣ ከመግረዝ በፊት ‹ትዘጋጅ› ብዬ ዩሪያ ሰጠኋት። በማግሥቱ የጣለው ዝናብ ሦስት ቀን አላባራም። አዲሱን ቀንበጥ ሳየው ገርጥቶ ወጣ። ሰው ሁሉ ‹ማዳበሪያ አነሳት› አለኝ። ያነሳት ግን አልነበረም፤ ከሥሯ አልፎ ወርዶ ነው። የወረደው ደግሞ ወደ ሐይቁ መሄዱ አይቀርም። እዚያ ደግሞ እምቦጩን ያደልባል።

አጎት፦ እምቦጩን ከጀልባ ላይ አይተሽዋል? መረቡን ጠቅልሎ ይዞት ይሄዳል።

እኔ፦ አይቻለሁ። የሚያደልበው የእኔ ዩሪያ ይሆን ብዬ ያሰብኩት ግን ዛሬ ነው።

አጎት፦ እሺ፣ መቼ ትሰጫታለሽ ታዲያ?

እኔ፦ ሰማዩ ሲገለጥ፣ በትንሽ በትንሹ። የምትቀበለው ከአበባ በኋላ ፍሬው ቀለም እስኪይዝ ባለው ጊዜና ከለቀማ በኋላ ነው። ለመጀመሪያው አራት ኪሎ ዩሪያ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ አራት። ከለቀማ በኋላ ቅጠሏ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ደግሞ ቀሪውን። ያን ጊዜ የምትበላውን በግንዷና በሥሯ ታስቀምጥና ለሚቀጥለው ቀንበጥ መነሻ ታደርገዋለች። ፍሬው ቀለም ከያዘ በኋላ ግን ናይትሮጅን አይነካትም። ልጣጩ ይሳሳል፣ ቅጠል እንደገና ያምራታል፣ ፍሬው ይዘገያል።

አጎት፦ አሰጣጡስ? እኔ በነበርኩበት ማዳበሪያው መጀመሪያ አይገባም ነበር።

እኔ፦ መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ፣ መሐል ላይ ማዳበሪያው፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ንጹሕ ውኃ ለግማሽ ሰዓት። መጨረሻ ላይ ከገባ ቧንቧው ውስጥ ያድራል፣ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። መጀመሪያ ላይ ከገባ ደግሞ ተከትሎት የሚመጣው ውኃ ከሥሩ በታች ይዞት ይወርዳል። የሐይቁ ውኃ ከአቢጃታና ከሻላ ጋር ሲነጻጸር ጨዋማ አይደለም፤ ግን ወደ ኖራ ስለሚያደላ ቀዳዳዎቹ ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል። አንድ ረድፍ ላይ የደረቀ ቀዳዳ ካለ ያችን እግር ውኃም ምግብም አልፏት ይሄዳል። እኔ ደግሞ ‹በሽታ ያዛት› እያልኩ መድኃኒት እረጫለሁ።

አጎት፦ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ያሉት ቢጫዎቹስ? ቀዳዳው ነው?

እኔ፦ አይደለም፤ አይቼዋለሁ። አዲሱ ቅጠል ነው ቢጫ የሆነው፤ የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ ሆነው መሐላቸው ገርጥቷል። ይህ የብረት እጥረት ነው። አፈሩ ኖራማ በሆነበት ቦታ ብረት ሞልቶ እንኳ ወይኗ ልታነሣው አትችልም። ውኃ ሲበዛ ደግሞ ይብሳል፤ ሥሩ አየር ያጣል፣ ከኖራው የሚወጣውም አየር መውጫ አጥቶ ይታፈናል። እዚያ ጋ መሬቱ ረባዳ ነው፣ ውኃ ይተኛበታል። ስለዚህ ብረት ከመግዛቴ በፊት ውኃውን መቀነስ አለብኝ። አሮጌው ቅጠል ላይ በጅማቶቹ መሐል ቢጫ ቢሆን ማግኒዥየም ነው እል ነበር። ዳሩ የተቃጠለ ቢሆን ደግሞ ወይ ፖታሽ ወይ ጨው።

አጎት፦ ፖታሹን ያነሣሽው ጥሩ ነው። አስታውሳለሁ፣ በደረቅ ሳምንት ፖታሽ እየሰጠን ቅጠሉ ዳር ዳሩ ይቃጠል ነበር። ‹ጨምሩ› ይሉናል፤ እንጨምራለን። ለውጥ የለም። ከዚያ አንድ ምሽት ረዘም አድርገን አጠጣን። ከሁለት ሳምንት በኋላ የወጣው አዲስ ቅጠል ደኅና ነበር።

እኔ፦ ይህ ነው እኮ ጋሼ! ፖታሽ በአፈር ውስጥ የሚንቀሳቀሰው በጣም በቀስታ ነው፤ አፈሩ እርጥብ ካልሆነ ከነጭራሹ ወደ ሥሩ አይደርስም። ከረጢቱ ማሳው ላይ አለ፣ ወይኗ ግን ተርባለች። ቦሮን ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ከሚጠጣው ውኃ ጋር አብሮ ነው የሚጓዘው። አበባ ላይ እያለች ደመና ከሆነና ላብ ካላወጣች ቦሮን ወደ አበባው አይሄድም፤ ዘለላው ላይ አንዱ ፍሬ ትልቅ፣ አንዱ ጤፍ ያህል ሆኖ ይቀራል። የአየሩን ነገር ትቼ ስለ ማዳበሪያ ብቻ ባወራ ግማሽ ወሬ ነው። ማዳበሪያው በውኃ ይሄዳል፣ ውኃውን የሚጎትተው ደግሞ አየሩ ነው።

አጎት፦ እኔ ይህን ሁሉ ስም አላውቅለትም። ግን ‹ዛሬ ትበላለች ወይስ አትበላም?› ብዬ ነው ማለዳ የምነሣው። ከብትም እንዲሁ ነው፤ ውኃ ያልጠጣ በሬ ገለባ አይበላም።

(እዚህ ላይ ዝም ብለን ደመናውን ስናይ ቆየን። ጠቁሮ ወደ እኛ እየመጣ ነበር። አንድ ነገር ልጨምር። ቀዝቃዛ አገር ያለች ወይን ብርድ ቅጠሏን ያራግፍላታል፤ ከዚያ ትተኛለች፣ ፀደይ ሲመጣ ትነቃለች። የእኛዋ አትተኛም። ክረምቱን በቅጠል ታሳልፋለች፤ መስከረም ላይ ስንገርዛት ነው አዲስ ዓመት የሚጀምርላት። ብርድ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠሩት መቀስና ውኃ መከልከል ናቸው። ሙያው ስለዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል ብዬ አምናለሁ። የወይን ጠጅ ኩባንያው ካስቴል በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ተክሎ በ2006 ዓ.ም. ጠርሙስ ካወጣ ወዲህ ወይን እዚህ እንደሚሆን ማንም አይጠይቅም። ጥያቄው ውኃው እስከ መቼ ይበቃል የሚለው ነው።)

እኔ፦ ከሁሉ የምፈራው የጥር ዝናብን ነው። ለለቀማ ሳምንት ሲቀረው።

አጎት፦ መፍራትም አለብሽ። አንድ ጎረቤታችን እንዲያ ሆነበት። ስኳሩ ይጨምር ብሎ ፍሬው ቀለም ከያዘ በኋላ ውኃውን ጨርሶ ዘጋው። አፈሩ እስኪሰነጠቅ ደረቀ። ከዚያ ባልታሰበ ቀን ዝናብ መጣ። ወይኗ ተጠምታ ስለነበር ያገኘችውን ሁሉ ሳበች፤ ፍሬው በአንድ ሌሊት ተሰነጣጠቀ። ተርብና ንብ ወረደበት፣ ከዚያ በሰበሰ። ዝናቡ ብዙ አልነበረም። ትንሽ ትንሽ እያጠጣት ቢሆን ኖሮ ልጣጩ ያን ያህል አይጨነቅም ነበር።

እኔ፦ ስለዚህ መጨረሻ ላይ መቀነስ እንጂ መዝጋት አይደለም።

አጎት፦ መዝጋት አይደለም። ለሙቀትም እንዲሁ ነው። መጋቢት ላይ ያ የሚያቃጥል ንፋስ ሲመጣ ሰው ቀትር ላይ ሮጦ ይከፍታል። ቅጠሏ አፉን ከዘጋ በኋላ ምን ይጠቅማታል? ትንበያው ‹ከነገ ወዲያ ይሞቃል› ካለሽ ዛሬ ማታና ነገ ማታ አጠጪያት፤ ሙቀቱ ሆዷ ሙሉ ሆኖ ያግኛት።

እኔ፦ የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩቱን ትንበያ በየአሥር ቀኑ እከታተላለሁ። ለዛሬና ለነገ ‹አልፎ አልፎ ዝናብ› ይላል። አንዳንዴ ይስታል ግን።

አጎት፦ ይስታል። አንቺ ግን ትንበያውን ስታምኚ ብትሳሳቺ የምትከፍይው ምንድን ነው? ዛሬ ሳታጠጪ ብታድሪና ባይዘንብ፣ ነገ ማታ ታጠጫለሽ። ክሩ እንደሆነ ገና ጥጋብ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ምንም አይላትም። ዛሬ አጠጥተሽ ማዳበሪያም ጨምረሽ ቢዘንብ ግን የሄደው አይመለስም።

እኔ፦ ዘነበ ስንል ግን ስንት ሲዘንብ ነው? 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቅጠሉን አርሶ ተመልሶ ይተናል፤ ከሥሩ አይደርስም። እኔ ከ5 በታች የሆነውን አልቆጥረውም። ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ሳይሆን የተወሰነውን ነው የምቆጥረው።

አጎት፦ ጥሩ። አፈሩም ይመስክር፤ አካፋ አምጪ።

(ከሁለት እግሮች መሐል፣ ጠብታው ከሚወርድበት አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ቆፈረ። እስከ ጉልበቱ ድረስ ወረደ። ከጉድጓዱ ሥር ጭብጥ አፈር አውጥቶ በመዳፉ ጨመቀውና እጁን ከፈተ። አፈሩ እንደ ጨበጠው ቆመ፤ በአውራ ጣቱ ሲነካው ብቻ ተፈረፈረ። ሰጠኝ። ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር።)

እኔ፦ ከሰኞው ውኃ ገና አልጨረሰችም።

አጎት፦ አልጨረሰችም። በ2007 ዓ.ም. ክረምት እሠራበት በነበረው እርሻ ግን እንዲህ አልነበረም። ያን ዓመት ዝናቡ ጠፋ፤ ኤልኒኖ ነው ተባለ። መስከረም ላይ ልንገርዝ ስንቆፍር እስከ ወገብ አቧራ ነበር። የተለመደው ፕሮግራም ‹በመግረዝ ሳምንት ሁለት ሰዓት› ይል ነበር፤ ሌላ ጊዜ ይበቃ የነበረው አፈሩ ክረምቱን ጠጥቶ ስለሚቆይ ነው። እኔ ‹መቀስ ሳይነካት መሬቱን እናርካው› አልኩ። ተስማምተው ሦስት ሌሊት አጠጣን። የዚያ ዓመት ቀንበጥ እኩል ፈነዳ። ሳናጠጣ ብንገርዝ ኖሮ አንዱ እንቡጥ ሲወጣ ሌላው ተኝቶ ይቀር ነበር፤ ዘለላውም አንዱ ሲበስል አንዱ ጥሬ።

እኔ፦ ያኔ ከፕሮግራሙ በላይ አጠጣህ፤ ዛሬ ደግሞ ከፕሮግራሙ በታች ትላለህ።

አጎት፦ ሁለቱንም ጊዜ መሬቱን ቆፍሬ ነው።

የዩሪያውን ከረጢት ወደ ዕቃ ቤት መለስኩት። የሞተሩን ናፍጣ ዘጋሁ። ረባዳው ጋ ያለውን የረድፉን ጫፍ ለብቻው መዝጋት እንዲቻል ነገ ትንሽ ቫልቭ እንደምንገጥምለት ተነጋገርን፤ አጎቴ ቤቱ አንድ አሮጌ አለው። የዝናብ መለኪያውን ቅጠልና አቧራ ጠርጌ ከዛፉ ጥላ ራቅ አድርጌ ተከልኩት።

እኩለ ሌሊት አካባቢ በቆርቆሮው ላይ ሰማሁት። ማለዳ ስወጣ መለኪያው 11 ሚሊ ሜትር ያሳያል። ገበቴው ሞልቶ ነበር፤ የጎደለውን ሳይሆን የተጨመረውን ለመጀመሪያ ጊዜ በደብተሩ ላይ ጻፍኩ። አጎቴ ከብቶቹን እየነዳ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀኝ፦

‹‹ሰኞስ?››

‹‹ሰኞ ክሩን አይቼ›› አልኩት።

‹‹ቅጠሉንስ?››

‹‹ፀሐይ ሲወጣ ዘለላው ላይ የተደራረበውን ልለቅመው ነው። እርጥቡ ሳያድርበት።››

እጁን አንሥቶ አለፈ። መቀሴን ይዤ ከሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ጀመርኩ።